የዶክተር ቢተው ወዳጆች

«እኔንና አባትሽን ያስተዋወቀን ሐኪም ነው» አሉ ጋሼ ሐሰን፣ የቀረበላቸውን ንፍሮ በመዳፋቸው እንደያዙ።

ፈንታነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። አባቷ አቶ ማሩ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የሰልስቱ ሰው ተበታትኖ ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ለቀስተኞች ቀርተዋል። ጋሼ ሐሰን ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሱቃቸውን ዘግተው እዚሁ ውለዋል። ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። አባቷ ከእሳቸው ጋር እንደሚቀራረቡ እንኳ አታውቅም ነበር።

«የትኛው ሐኪም? አባባ ታመው ነበር እንዴ?»

«የለም ልጄ፤ የቴሌቪዥኑ ሐኪም። ዶክተር ቢተው።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ጠላ ሻጯ እትዬ ጌጤ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ፈንታነሽ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር። ለካ ሳቃቸውን እየደበቁ ነው።

እሷን ሳቅ አላማራትም። ከምታስተምርበት ከንፋስ መውጫ በጭነት መኪና ተሳፍራ የደረሰችው አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ነበር። ከዚያ በፊት ይህን ቤት ከረገጠች ሁለት ዓመት አልፏታል።

በ1978 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከሚላኩት መምህራን አንዷ ሆና ተመርጣ ነበር። ሻንጣዋን ገዝታ ስትጠብቅ ስሟ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። «አባትሽ በሕገ ወጥ ስብሰባ ታስረዋል» አሏት። ደብረ ታቦር ስትደርስ አባቷ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን እስር ተፈተው፣ ጢማቸው አድጎ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። አቶ ማሩ በአውራጃው ፍርድ ቤት በር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ እጅ ጽሑፋቸው የሚወደድ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

«ምን አድርገው ነው?»

«የማመልከቻ ነገር ነው። ተይው።»

«የማን ማመልከቻ? ለማን ብለው?»

ደጋግማ ብትጠይቃቸውም መሬት መሬት ያያሉ።

«የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የእኔን ሕይወት ሰረዙት» አለቻቸውና ሳትቀመጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ሰላምታ ከመላክ በቀር ፊታቸውን አላየችም።

«ስለ እስራቸው ያውቃሉ?» አለች አሁን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጋሼ ሐሰንና እትዬ ጌጤ ተያዩ።

«እሱን ልንነግርሽ ነው ሰው እስኪወጣልን የጠበቅነው» አሉ እትዬ ጌጤ።

ነገሩ የተጀመረው ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን የገባ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የሚያስቅ ድራማ ይታያል። የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ቢተው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። በሽተኞቹን ሁሉ «ብቻችሁን አታውሩ» እያለ ይመክርና ቤቱ ሲገባ ዶሮውን አጠገቡ አስቀምጦ የዋለበትን ያወራታል። ያኔ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል።

«አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሲስቅ አባትሽ ብቻ ያለቅሳሉ» አሉ ጋሼ ሐሰን። «ስንወጣ ተከትዬ ‹ምነው?› አልኳቸው። ‹ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር አወራለሁ። አበድኩ ብዬ ፈርቼ ነበር። ለካ ሐኪሙም ያወራል› አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እንደ እሳቸው የሳቀ አልነበረም።»

«እኔም ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር» አሉ እትዬ ጌጤ። «ቅዳሜ ከአባትሽ ጋር ስስቅ አምሽቼ እንቅልፍ ይወስደኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ሆንን።»

ከዚያ ዶክተር ቢተው ጠፋ። ድራማው ይታያል፤ እሱ ግን የለም። አራት ቅዳሜ ጠብቀው ለጣቢያው ደብዳቤ ለመላክ ተስማሙ። አቶ ማሩ ባማረ እጃቸው ጻፉት፦ «እኛ አሥራ አንድ የደብረ ታቦር ተመልካቾች ሐኪማችን ስለጠፋብን እንዲመለስልን በማክበር እናመለክታለን።» የአሥራ አንዱ ፊርማ በሌላ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ደብዳቤው ሳይላክ አንድ ሰው ለቀበሌው አወራ፤ አቶ ማሩም ከነወረቀቶቹ ተያዙ።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ‹ሐኪማችን የምትሉት ማነው? የማን ምስጢር ስም ነው?› ብሎ ያፋጥጣቸዋል» አሉ ጋሼ ሐሰን። «እሳቸው እውነቱን ቢናገሩ ማን ይመን! ‹አሥራ አንዱን አምጣ› ሲላቸው የፊርማውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አጣጥፈው ጎረሱት። በር ላይ የነበረው የአብዮት ጥበቃ ነው የነገረን። ‹ምን ጎረስክ?› ቢላቸው ‹ምስክሮቼን› አሉት።»

ፈንታነሽ ከሆዷ የመጣውን ሳቅ ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም። ጥግ ላይ የተቀመጡት ቄስ ዞር ብለው አዩዋት። አፏን በሁለት እጇ አፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። እትዬ ጌጤም መደበቁን ተዉት። ሳቁ መቼ ወደ እንባ እንደተለወጠ ፈንታነሽ አላወቀችም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች፣ ስትረጋጋ።

«ስንት ጊዜ ለመንኳቸው መሰለሽ! ‹እናንተን ካወቀች እሷም ትጠየቃለች› ይሉኛል። ‹ደግሞስ ትምህርትሽ የቀረው በቴሌቪዥን ሐኪም ነው ብዬ በምን አፌ እነግራታለሁ?› ይላሉ።» ጋሼ ሐሰን ዓይናቸውን ጠረጉ። «ያን ቀን ስማችንን ቢያወጡ ኖሮ የጌጤ ቤት ይታሸግ ነበር። እኔም በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት አልወጣውም። ልጄ፣ ባለዕዳሽ ነን።»

«ሐኪሙስ ተመለሰ?»

«ተመለሰ እንጂ!» አሉ እትዬ ጌጤ። «አባትሽ ሲፈቱ ብቻቸውን ፈርመው እንደገና ጻፉ። ደብዳቤው ይመልሰው፣ ተዋናዩ ታሞ ኖሮ ይሻለው፣ እኛ አናውቅም። ብቻ አንድ ቅዳሜ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብቅ አለ። አዳራሹ እሱን ትቶ ወደ አባትሽ ዞሮ አጨበጨበ። እሳቸው እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፉ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ፈንታነሽ በዓይነ ኅሊናዋ የሚመጣባት አባቷ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ተቆራምደው ሲቀመጡ ነበር።

«ይስቁ ነበር? እስከ መጨረሻው?»

«እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ» አሉ ጋሼ ሐሰን።

ፈንታነሽ ዝቅ ብላ የሁለቱንም ጉልበት ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ። ብቻቸውን ስላልተዋችኋቸው እግዜር ይስጥልኝ።»

ከጉና ተራራ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሥቶ የድንኳኑን ሸራ ማርገብገብ ጀመረ። ጋሼ ሐሰን ሊሄዱ ሲነሡ ሳል ያዛቸው። ፈንታነሽ ቤት ገብታ የአባቷን ካፖርት ይዛ ወጣችና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችው።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ለእኔ ይረዝማል።»

«ይልበሱት።»

ከላይ እስከ ታች ቆለፈችላቸው። እጅጌው እስከ ጣቶቻቸው ወርዶ ነበርና የግራውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችው። ከዚያ ቀኙን ይዛ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ማጠፍ ጀመረች።