ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ሐረር ቴሌግራፍ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ የሰው ምሥጢር በጆሮዬ ተቀብያለሁ። «አያቴ ታመዋል» የሚል ሁሉ አያት የለውም። ማመን ቀብሮ ነው።

ልጄ ጽጌሬዳ የታጨችው ለተክለጻድቅ ነበር፤ የስልክ ሽቦ ዘርጊ ነው። መስመር ሊዘረጋ ጎሬ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። ከምሰሶ ምሰሶ የሚዞር ወንድ በየምሰሶው ሥር ሚስት አያጣም ብዬ ጠረጠርኩ። በዚህ መሀል ነጋዴው አባይነህ ሽማግሌ ላከ።

«ያንቺ ሰው መቼ እንደሚመጣ ቁርጡን ይናገር፤ አለዚያ ለአባይነህ ነሽ» አልኳት። ቴሌግራም ላከችለት።

በኅዳር መጨረሻ መልሱ መጣ። የተቀበልኩት ራሴ ነኝ። ሦስት ቃል ነው፦ «መምጣቴ ገና ነው።»

አላልኩም? ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ቤት ገባሁ። «መምጣቴ ገና ነው፣ አልደረሰም ብሎሻል!» አልኳት። «አልደረሰም» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ጽጌሬዳ አለቀሰች፤ እኔን ግን ጥርጣሬዬ ልክ ስለሆነልኝ ደስ አለኝ። ለሽማግሌዎቹ ቃሌን ሰጠሁ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

በገና ዕለት በራችን ተንኳኳ። ተክለጻድቅ ነው፤ መዳፉን ሽቦ ልጦታል።

«ምን ልታደርግ መጣህ?»

«መምጣቴ ገና ነው ብዬ ልኬ የለም እንዴ?» አለ፤ «ና»ን አጥብቆ።

ጽጌሬዳ እጇን ዘረጋች። «ወረቀቱን ይስጡኝ፣ አባባ።» አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ አነበበችው።

«መሣሪያው የጠበቀና የላላ አይለይም። እኔ ምን ላድርግ?» አልኩ።

«እኔ እዚያ ሽቦ አጠብቃለሁ፤ እርስዎ እዚህ ቃል ያላላሉ» አለኝ ተክለጻድቅ።

እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወረቀቱን ለምን ደበቁኝ?» በሦስተኛው ቀን አብረው ሄዱ። እኔ ድንጋይ ተሸክሜ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ለመንኩ፤ ማሩኝ። ልጄ ግን ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን አጠፋችብኝ።

ዘንድሮ በኅዳር መሣሪያው ጠራኝ። ከጎሬ ነው፦ «አባባ መምጣቴ ገና ነው። ጽጌሬዳ።»

አላልቼ አነበብኩት። አጥብቄ አነበብኩት። አውቃ ይሆን እንዲህ የጻፈችው? ብዬ ጠረጠርኩ፤ ልጠይቃት ግን አፈርኩ።

ዛሬ ገና ነው። ከማለዳ ጀምሮ ፈረስ መጋላ አደባባይ ቆሜአለሁ። ሦስት አውቶቡስ ገብቷል። እሷ ገና ናት።