ለብቻ የሚበላ ጎድን

ራጅ አንሺዋ ሐሙስ ሐሙስ የማታ ተረኛ ነኝ ብላ ለቤቷ ሰዎች ከተናገረች ቆይታለች። ውሸት ነበር። ክሊኒኩ ሐሙስም እንደ ሌላው ቀን ነው። ሥራዋን ጨርሳ ከጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ መስቀያው ላይ ሰቅላ፣ የማሽኑን ክፍል ቆልፋ ከሌሎቹ ጋር እኩል ትወጣለች። ከዚያ ወደ ቤት በመሄድ ፈንታ በጎማ ጠጋኞቹ በኩል ትታጠፍና አንድ የበርገርና የባርቤኪው ቤት ትገባለች።

ቤቱ ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። በሩ ላይ ከተሰነጠቀ በርሜል የተሠራ የከሰል መጥበሻ ቆሟል፤ ጢሱ ግማሹ ወደ መንገዱ፣ ግማሹ ወደ ተመጋቢው ይሄዳል። ጠረጴዛዎቹ ፕላስቲክ ለብሰዋል፣ የካቻፑና የሰናፍጩ ጠርሙስ በአፉ ተደፍቶ ይቆምባቸዋል። እሷ የምትቀመጠው ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ነው። ውኃ ስለሚረጭ ሌላ ሰው አይሻማትም። አንዳንዴ በርገር ታዛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጎድን ነው። ጎድኑ ከነፍሙ ሽታ መጥቶ ፊቷ ሲቀመጥ እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ አጥንቱን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ከዚያ በኋላ ቀና ብላ ማንንም አታይም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ቤቷ ውስጥ የሚታኘክ ነገር አለመኖሩ ነው።

አማቷ በድንገት ታመው ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ ወዲህ ምግባቸው የሚቀርበው ተፈጭቶ ነው። ዶሮውም ካሮቱም መፍጫ ውስጥ ገብቶ እንደ ሕፃን ምግብ ይወጣል። ትን እንዳይላቸው አገጫቸውን ዝቅ አድርገው፣ በማንኪያ ጫፍ በጥቂት በጥቂቱ ይጎርሳሉ። የሕመም ነገር ነውና በዚህ ማንም አልተማረረም። ባሏ ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቱ የእሱን ሳህን ትክ ብለው ሲያዩ አገኛቸውና ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"ከዛሬ ጀምሮ እማዬ የምትበላውን ነው የምንበላው" አለ።

ባሏ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን በእሱ በኩል ካለው ፍሬን ላይ አድርጎ ሲጨነቅ ይውላል። ቤት ሲገባም እግሩን ከፍሬኑ ላይ ያነሳ አይመስልም። እናቱን ይወዳል፣ ቃሉንም አያጥፍም። እንግዳ ቢመጣ፣ የእረፍት ቀን ቢሆን፣ ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበው ያንኑ ለስላሳ ነገር በማንኪያ ይበላሉ። መጀመሪያ ላይ ሚስቱም ደግ ሐሳብ ነው ብላ ተቀብላው ነበር። እየቆየ ግን በሕልሟ ስታኝክ እያደረች ጠዋት መንጋጋዋን እያመማት መነሳት ጀመረች። ለባሏ ልትነግረው አፏ ላይ እየመጣ ይመለስባታል፤ እናቱን ወዶ ያደረገውን ነገር በምን አንደበት አፍርሰው ትበለው? ሆድ ይፍጀው አለችና ሐሙስን ፈጠረች።

አንድ ሐሙስ እንደ ልማዷ ተቀምጣ ስትበላ፣ መሃል ላይ ካለው ረጅም ጠረጴዛ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነበር። ከጠረጴዛው ራስ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሶፋ ሰሪ ነው። ይህን እሷም ሆነች የቤቱ ሰው ሁሉ ያወቀው ራሱ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ ነው። ስለ ስፖንጅ ጥራት፣ ስለ አስመሳይ ቆዳ፣ ሶፋ ላይ እየዘለሉ ሞላ ስለሚሰብሩ የደንበኛ ልጆች ያወራል። በአፉ ሥጋ አለ፣ በሥጋው ላይ ወሬ፣ በወሬው ላይ ሳቅ። ከዚያ በድንገት ዝም አለ።

ዝምታውን ቀድማ የሰማችው ራጅ አንሺዋ ናት። ቀና ስትል ሰውዬው በሁለት እጁ ጉሮሮውን ይዟል።

"ምነው? ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ።

"ውኃ ስጡት" አለ አንዱ።

"ጀርባውን፣ ጀርባውን ነው" አለ ሌላው፤ ብሎም ተነስቶ እንደ ፍራሽ ያራግፈው ጀመር። ሰውዬው ግን አይስልም፣ አይተነፍስም፣ ከንፈሩ እየጠቆረ ሄደ።

ራጅ አንሺዋ አማቷ የታመሙ ሰሞን ለእሳቸው ስትል ይህንን ተምራለች፤ የሶፋ ትራስ አቅፋ ስንት ጊዜ ተለማምዳዋለች። እጇን ለመታጠብ እንኳ ጊዜ አልነበራትም። "ገለል በሉ" አለችና ከኋላው ሄዳ አቀፈችው። ጡጫዋን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳበች። ደገመች፣ ሠለሰች። አንድ ቁራጭ ሥጋ ከአፉ ወጥቶ ከሰናፍጩ ጠርሙስ ሥር ወደቀ። ሶፋ ሰሪው በጩኸት አየር ሳበ፣ ሳለ፣ ከዚያ እንባው እየወረደ ሚስቱን ያያት ጀመር። በነጭ ሸሚዙ ሆድ ላይ የራጅ አንሺዋ ጣቶች ከነስጎው ታትመዋል።

እሷ እጇን ታጠበችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ጎድኗ ገና አልቀዘቀዘም። ጥላው እንዳትሄድ ደግሞ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ የለም። ተቀምጣ በላች። የቤቱ ሰው ሁሉ እያያት ነበር፤ እንደዚያ ቀን ምግብ አሳፍሯት አያውቅም፣ ቢሆንም ጨረሰችው።

ሶፋ ሰሪው እግሩ ሲጸናለት መጥቶ አጠገቧ ቆመ። "እህቴ፣ ምን ላድርግልዎ? የት ነው ያሉት? ማን ልበል?"

"ምንም አይደለም። ብቻ እየበሉ አያውሩ።"

"እሱን እንኳ ቃል አይገባልሽም" አለች ሚስቱ ከኋላው፤ ስታለቅስ ቆይታ በዚያው ሳቀች።

ራጅ አንሺዋ ሌላ ጥያቄ ሳይመጣ ተሰናብታ ወጣች። የክሊኒኩን ባጅ ግን ከደረቷ ላይ አላወለቀችም ነበር፤ ሶፋ ሰሪውም ማንበብ ይችላል። አስተናጋጇ ደግሞ ስትጠየቅ በቅንነት የምታውቀውን ተናገረች፤ "ሐሙስ ሐሙስ አትቀርም። ብቻዋን ናት፣ ጎድን ነው የምትበላው።"

ቅዳሜ ዕለት ሶፋ ሰሪው ክሊኒኩ ድረስ ሄደ። እሷ እረፍት ላይ ነበረች። ዘበኛው ታሪኩን ሰምቶ እንዲህ ላለ ውለታ ቤቷን ብጠቁም ምን አለበት ብሎ በእጁ እያሳየ ነገረው። በዚህ ዓይነት ሶፋ ሰሪው ፒክአፕ ላይ ትልቅ ባለ መደገፊያ ወንበር ጭኖ፣ ወንበሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በራቸውን አንኳኳ። ራጅ አንሺዋ ገበያ ሄዳለች። በሩን የከፈተው ባሏ ነው።

"የራጅ ባለሙያዋ ቤት ነው?"

"ነው። ምን ነበር?"

"ወንድሜ፣ እኔ ለሚስትህ ባለ ዕዳ ነኝ። ሐሙስ ማታ በርገር ቤት ሥጋ አንቆኝ ነፍሴ ልትወጣ ስትል እሷ ናት የመለሰቻት።"

"ተሳስተሃል። ሚስቴ ሐሙስ ማታ ሥራ ላይ ናት።"

"እንዴት እሳሳታለሁ? ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ነበረች። ሁልጊዜም ሐሙስ እዚያ እንደሆነች አስተናጋጇ ነግራኛለች" አለ ሶፋ ሰሪው። ከዚያ የሰውዬውን ፊት አየና፣ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወሬውን መሃል ላይ አቆመ። ወንበሩን ሁለቱ ተሸክመው ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡት።

ራጅ አንሺዋ ከነዘምቢሏ ስትገባ ባሏ ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ላስቲኩን ስታይ ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባትም። ፊቱን ስታይ ገባት።

"ከማን ጋር ነው?" አላት።

"ከማንም ጋር አይደለም።"

"ሰው ብቻውን ተቀምጦ ጎድን ይበላል?"

"እኔ እበላለሁ።" ዘምቢሉን አስቀመጠች። "ማኘክ አማረኝ። ሌላ ነገር የለውም። ሐሙስ ተረኛ ሆኜ አላውቅም፣ ዋሽቼሃለሁ። እሄዳለሁ፣ በልቼ፣ አፌን ተጉመጥሙጬ እመጣለሁ።"

ባሏ የወንበሩን ላስቲክ በጣቱ ቆንጠጥ አደረገ። የጠበቀው ሌላ ነበርና የያዘው ቁጣ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

"ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ የምለውን አውቅ ነበር" አለ በመጨረሻ። "እኔ እኮ ሦስታችንም አብረን እየቻልነው መስሎኝ ነው። እኔንስ አያምረኝም?"

"ያምርሃል?"

"በየምግብ ቤቱ በር ሳልፍ የመኪናውን መስኮት እዘጋለሁ።"

በዚህ መሃል ከመኝታ ክፍሉ የአማቷ ድምፅ መጣ። ንግግራቸው ከታመሙ ወዲህ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፤ ቀስ ብለው ካወሩ ግን ይሰማል። ሁለቱም ገቡ።

"ጎድን ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"በስጎ?"

"በስጎ።"

አማቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተን ማን ለመነህ?"

"እማዬ፣ ሳህኔን ስታዪ አምሮሽ..."

"አምሮኝማ ነው። አፌ ባይችል ዓይኔ ይብላ ብዬ ነው የማየው። ካንተ አፍ እንኳ ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። እሱንም ወሰድክብኝና ሦስት በሽተኛ ሆነን ተቀመጥን።" ይህንን ሁሉ ተናግረው ደከማቸው፤ ትንፋሽ ሰብስበው ጨመሩ፤ "ለእሷም አልፈርድም። ዋሽታለች።"

ከዚያ ዕለት በኋላ ባሏ ለጥቂት ቀናት ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ። ጠዋት ስትወጣ "ደኅና ዋይ" ይላታል፣ ግን ወደ ጎን እያየ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ግን ክሊኒኩ በር ላይ መኪናውን አቁሞ አገኘችው፤ "ተማሪ" የሚለውን ጽሑፍ ከጣሪያው ላይ አንስቶታል፣ እናቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

"አሳዪን" አላት።

ሶፋ ሰሪውም ቤቱ ውስጥ ነበር። ስጦታ እንዳመጣ ሳይሆን ጥፋት እንደሠራ ሰው ብድግ አለ፤ ባልየው እጁን ሲዘረጋለት ግን መንፈሱ ተመለሰና ጠረጴዛ ካላጋጠምን ብሎ ሙጭጭ አለ። አስተናጋጇ ለአማቷ ወተት የገባበት የተፈጨ ድንችና የሥጋ መረቅ አመጣች። ባልየው ጎድኑን ይዞ ለጥቂት ጊዜ እናቱን አየ። እናቱ "ብላ እንጂ" አሉት። በላ። መንጋጋው ሥራ ፈትቶ ስለከረመ ገና ከመጀመሩ በእጁ ደገፍ አደረገው፣ እናቱ በዚህ ሳቁ። በደኅናው እጃቸው ጣታቸውን ስጎው ውስጥ ነክረው ላሱ፣ የሚያኝኩትን ሁሉ በየተራ እያዩ ቆዩ፣ ዓይናቸው ከማንም አልተነቀለም። ሶፋ ሰሪው አሁን መጀመሪያ ያኝካል፣ ከዚያ ይውጣል፣ ከዚያ ያወራል፤ በዚህ ምክንያት ወሬው ከበፊቱ ረዘመ።

ራጅ አንሺዋ በአማቷና በሶፋ ሰሪው ሚስት መካከል ነበረች። ለአማቷ ድንቹን በማንኪያ ታቀርባለች፣ አገጫቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ታሳስባቸዋለች፣ ሚስትየዋ ስለ ጉልበቷ ሕመም የምትጠይቃትን ትመልሳለች። ጎድኗን ስታነሳው ቀዝቅዞ ስቡ ረግቷል።

ሐሙስ በዚህ ዓይነት የቤተሰቡ ቀን ሆነ። በቤትም የሚታኘክ ነገር ተመለሰ፤ ባሏ ዳቦውን እየቆረሰ እናቱ እንዲሰሙት ጠበቅ አድርጎ ያኝካል። ሚስቱን ማኩረፉንም ተወ። ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም። እሷም በየሳምንቱ አብራ ሄደች፣ ማንንም አላስከፋችም። አንድ ሐሙስ ሲመለሱ ግን፣ አማቷ ኋላ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ከትራፊክ መብራት ላይ እንደቆሙ ተናገረች።

"ሐሙስ የሁላችን ይሁን። ማክሰኞን ግን ለእኔ ተውልኝ።"

"ለምንሽ?"

"ልበላበት።"

"አሁን እኮ ቤትም እንደፈለግሽ ታኝኪያለሽ።"

"አዎ። ማኘክ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለች። "አይደለም።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ባሏ ማርሽ አስገብቶ ነዳ። ተማሪ ሲያጠፋ እንደሚያደርገው በረጅሙ ተነፈሰ።

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን። አሁን እየነገርኩህ ነው።"

"በእኔ ላይ ያለሽ ነገር አለ?"

"የለም። ነገሩ ባንተም በእማማም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ለራጅ ሰው አስተካክላለሁ፣ ክንድዎን ያንሱ፣ ትንፋሽ ይያዙ እላለሁ። ቤትም ስገባ እንደዚያው ነኝ። አንድ ጊዜ ማንም ሳያየኝ ልቀመጥ።"

ቤታቸው በር ላይ ደረሱ። መኪናውን ካቆመ በኋላ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ፣ "ማክሰኞ እማዬን እኔ አበላታለሁ" አለ። ደስ ብሎት አልነበረም የተናገረው፤ ግን ተናገረው።

ማክሰኞ ሄደች። ተረኛ ነኝ አላለችም። ስትበላ ስልኳ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ባሏ ሾርባው ወፈረብኝ፣ ምን ልጨምርበት ሲል ነው። ነገረችውና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቤት ስትደርስ ባሏ ሳህን እያጠበ ነበር፣ ሸሚዙ ላይ ካሮት ፈስሶበታል። አማቷ አልተኙም።

"ምን በላሽ?" አሏት።

"ዛሬ በርገር ነበር፣ እማማ።"

"ተቀመጪና ንገሪኝ። ከምኑ ጀመርሽ?"

ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገረቻቸው።