ስክሪኑ ላይ የነበረው

1.

የኮምፒውተሩ ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።


2.

ለምጽፈው ቁጥር የምሰጠው ረድኤት ብላኝ ነው። "እትዬ ዘርፌ፣ አንዱን ነገር ይጨርሱ፣ ከዚያ ቁጥር ሰጥተው ወደሚቀጥለው ይሂዱ" አለችኝ። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። ግን በአፌ ስናገረው ሰው ያቋርጠኛል፤ "አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ" ይለኛል። ወረቀት አያጽናናም። እናንተም የምታነቡት ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ረድኤት የልጄ የያፌት የሥራ ባልደረባ ናት። ያፌት አንድ ልጄ ነበር።

ነበር።


3. ሥራው

ለዕድር ሰዎች "ድራይቨር ነው የሚሠራው" ስላቸው "በየት መስመር?" ይሉኝ ነበር። ማስረዳቱን ተውኩት።

ለእኔ ግን እንዲህ አድርጎ አስረድቶኛል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አለ። በእጅ አይነካም፤ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነኝ ብሎ ግን ያምናል። "ደባል በይው እማ" አለኝ። ደባልን መቼም አውቃለሁ፤ አንዱን ክፍል እያከራየሁ ነው ያሳደግኩት። ሥዕል የሚያወጣው ካርድ ደግሞ እንደ ግቢ ቧንቧ አንድ ብቻ ነው፤ በባለቤቱ እጅ ነው። ድራይቨር የሚባለው ካርዱን የሚያናግረው ጽሑፍ ነው። የተጻፈው ለባለቤቱ ስለሆነ ደባሉ ዘንድ ሲገባ ግራ ይገባዋል፤ ስክሪኑ ይጠቁራል። ያፌት ያንን ጽሑፍ ነበር የሚያስተካክለው፣ ደባሉ ዘንድም እንዲሠራ።

"መሥራቱን በምን ታውቃለህ?" አልኩት።

"ሦስት ማዕዘን ይስላል።"

"ከዚያስ?"

"በቃ። አንዲት ሦስት ማዕዘን ከሳለ ሌላውን ሁሉ ይስላል።"

"ለሦስት መስመር ነው እንደዚህ የከሳኸው?"

ሳቀ። "ለሦስት መስመር ነው እማ።"


4. ስክሪኑ ላይ ምን አለ?

ጥቁር።

(ከመስከረም እስከ ጥር ምሳውን ይዤ በገባሁ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ መልሱ ይኸው ነበር።)


5.

ያመመው ኩላሊቱን ነው። ስለ በሽታው አልጽፍም። እናንተም ሰው አስታማችኋል፤ ታውቁታላችሁ።

ሆስፒታል የሄድን ዕለት ጠዋት፣ ታክሲው በር ላይ ክላክስ እያደረገ እሱ ወንበሩ ላይ ነበር። አንድ ነገር ነካና ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። "እየሠራ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። ማንም እንዳይነካው" አለኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣን።


6. ስክሪኑ ላይ ምን አለ?

ይሄን ጊዜ የጠየቀው እሱ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ እንዳለ።

"እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ በምን ልወቅ?" አልኩት።

"ቤት ስትሄጂ እይልኝ።"

"ድነህ አብረን እናየዋለን።"

"እማ። እይልኝ በቃ።"

"እሺ አልኩህ።"

ከዚያ በኋላ ውሃ ስጪኝ ብቻ ነው ያለኝ። እኔም ከአጠገቡ አልተነቃነቅኩም።


7.

ስመለስ ድንኳን ተተክሏል። ዕድርተኛው ወንበር ደርድሯል።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይበራም። ሬዲዮ አይከፈትም። ይህን ማንም አስተምሮን አይደለም፤ እንዲሁ እናውቀዋለን። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ፈለቀች ቀድማ ገብታ የሳሎኑን ቴሌቪዥን አጥፍታ ነጠላ አልብሳዋለች። ከዚያ የልጁን ክፍል ከፈተች። የበራ ስክሪን አየች። መብራት እንኳ ያን ሰሞን ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ስክሪኑ በየት በኩል እንደሚጠፋ አላወቀችም።

ነቀለችው።

እዚህ ጋ ስድብ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ቦታው ግን ይኑር።

____________________

ለልጄ ክብር ብላ ነው የነቀለችው። ይህንንም እጽፋለሁ።


8. ስክሪኑ ላይ ምን አለ?

ጥቁር። ጠጋ ስል የእኔ ፊት።


9. ረድኤት መጥታ ኮምፒውተሩን ከፍታ ካየችው በኋላ የተነጋገርነው

ረድኤት፦ እትዬ ዘርፌ፣ ይቀመጡ።

እኔ፦ ቆሜም እሰማለሁ።

ረድኤት፦ ደባሉ በሙከራ ብዛት ይበላሻል። ስለዚህ በጠፋ ቁጥር የሆነውን ሁሉ ረስቶ ንጹህ ሆኖ እንዲነሳ ያፌት አድርጎታል። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንሠራው። የሠራውን ነገር ብቻ በመጨረሻ ወደ ውጪ እናወጣዋለን።

እኔ፦ የመጨረሻውንስ አወጣው?

ረድኤት፦ አላወጣውም። ሳይጠፋ ተመልሶ መጥቶ ሊያወጣው ነበር።

እኔ፦ አሁን ቢነሳስ?

ረድኤት፦ ተነስቷል። ምንም አያስታውስም። ያፌት እጁን እንዳላስገባበት ነው።

እኔ፦ አንቺ ድጋሚ ጻፊዋ።

ረድኤት፦ እጽፈዋለሁ። ግን የሚሠራው የእኔ ይሆናል። የእሱ ሠርቶ እንደነበር አይነግረንም።

እኔ፦ ማን ይነግረናል ታዲያ?

ረድኤት፦ ያየ ሰው።


10.

ያየ ሰው ማን እንደሆነ ገብቷችኋል።

ከቀብር ወዲህ አላናገርኳትም። በበሬ ስታልፍ ፊቴን አዞራለሁ። የላከችውን ቆሎ በመጣበት ሣህን መልሻለሁ። ሽማግሌ ላከች፤ ሽማግሌዎቹንም መለስኳቸው። ግትር ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው።

ግን ልጄ የጠየቀው እኔን ነው። እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ።


11. አጠያየቅ (ረድኤት እንዳስጠናችኝ)

ሦስት ማዕዘን የሚለውን ከአፍዎ አያውጡ። ካወጡት "አዎ፣ እሱኑ ነው ያየሁት" ትላለች። ጸጽቷታልና ትላለች።

ሥዕል ነበር ወይ አይበሉ።

አያልቅሱ። ካለቀሱ የምትመልሰው ለእንባዎ ነው።

ምን አየሽ ይበሉና ዝም ይበሉ።


12.

በአርባው ማግስት ሄድኩ። ፈለቀች ግቢዋ ውስጥ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ልብስ ታጥባለች። ስታየኝ እጇ አረፋ እንደሆነ ቀና አለች።

"ዘርፌ። መጣሽ።"

"ለእርቅ አይደለም የመጣሁት።"

"ይሁን። መጥተሻል። ቁጭ በይ።"

"ቆሜ ነው የምጠይቅሽ። ያፌት ክፍል ስትገቢ ስክሪኑ ላይ ምን አየሽ?"

"እኔ እኮ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው። ልጁ ሞቶ..."

"አውቃለሁ። እሱን አልጠየቅኩሽም።"

"እጄን በሰበረው። ምን እንደሆነ ባውቅ እነካው ነበር?"

"ፈለቀች። ምን አየሽ?"

ፊቴን አየችው። መልሱን እዚያ ልታገኘው ነው። ቀስ ብላ፣ "ምን እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ። "ንገሪኝ። ያልሽኝን እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እምልልሻለሁ።"

ሁለቱ ቃላት አፌ ላይ ደርሰው ነበር። ባወጣቸው፣ ልጄ ደርሶበት ነው የሄደው ብዬ እንደ ሰው እተኛ ነበር።

ዋጥኳቸው።

"ያየሽውን ብቻ" አልኳት።


13.

አረፋው ከክንዷ ወረደ።

"ምን እንደሚባል እንጃ። በአፌ አልችለውም" አለች። "ላሳይሽ።"

ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ አለች። ጣቷን ሳፋው ውስጥ ነከረች።

አንድ መስመር ሳበች። ከላይ ወደ ታች፣ ዘመም ያለ።

ሁለተኛውን ከዚያው ጫፍ አስነስታ ወደ ጎን ሳበች።

ጣቷ ደረቀ። ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ከላይ በኩል መጥፋት ጀመረ። ፈለቀች ዓይኗን ጨፈነች፤ ክፍሉን እያየችው ነው። አላቻኮልኳትም።

ዓይኗን ገለጠች። ጣቷን እንደገና ሳፋው ውስጥ ነከረች።


14. ስክሪኑ ላይ ምን አለ?