ጥያቄ አሥራ አራት

ወጣቱ ስለ እርሻ ፖሊሲ ምን ያስባል? ይህን ለማወቅ ሁለት ሺህ ቅጽ ተበትኖ ተሰብስቧል። መልሱን ቢሮ ተቀምጣ ኮምፒውተር ውስጥ የምታስገባው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ከእርሻ የሸሸች ልጅ ናት። ሸሸች ማለት እንኳ ሐሜት ነው፤ «ተምረሽ ውጪልኝ» ብለው የላኳት አባቷ ናቸው። ስድስት ዓመት ሆናት። ዛሬም ዝናብ የቢሮውን ቆርቆሮ ሲመታ የአባቷ የሽንኩርት ማሳ፣ ያ የረጠበ አፈር ሽታ፣ ውል ይላትና ሆዷ ይባባል። ለማን ትንገር? የተማረ ሰው ጭቃ ናፈቀኝ ቢል መሳቂያ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ለታናሽ ወንድሟ በደወለች ቁጥር የከተማን ደግ ደጉን ታወራዋለች። ጭቃ ውስጥ አትቅር፣ ሰው ሁን ትለዋለች። እሱም እሺ እታለም ይላል። ለምና ለምና መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘችለት፤ ሰኞ ይጀምራል። አባታቸው ጉልበት ከድቷቸዋልና፣ ልጁ እንደወጣ ማሳውን ለአንድ ባለሀብት ሊያከራዩ ተስማምተዋል፤ ለሃያ ዓመት። ይህን ስትሰማ እንባዋ ቢመጣም ለወንድሜ ስል ብላ ዋጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ነበረች፤ «ከእርሻ ሥራ የሚያርቅህ ምንድን ነው?» የሚለው። አንድ የመሬት እጥረት፣ ሁለት ውሃ፣ ሦስት ገበያ፣ አራት ሌላ። ሌላ ያሉት የሆዳቸውን ይጽፋሉ፤ የቢሮው ደንብ ግን ጽሑፉን ትተሽ አራትን ምቺ ነው። አንዱ ማዳበሪያው የሚደርሰን አዝመራው ካለፈ በኋላ ነው ብሏል። አራት። አንዷ አራሿ እኔ፣ መሬቱ በወንድሜ ስም ብላለች። አራት።

ቀጣዩን ቅጽ ስታነሳ ጽሕፈቱን አወቀችው። ስም የለውም። ግን «ጭ»ን እንደዚያ አንገቱን ቀልብሶ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ፣ ያጣመመችበትም እሷ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የወንድሟን ያወጣው ቅጽ ሆነ።

«እህቴ» ይላል ጽሑፉ። «ገበሬ ሆኜ ከቀረሁ ታፍርብኛለች። እኔማ ጭቃዬን ትቼ የትም መሄድ አልፈልግም።»

ምን ታድርግ? ደንብ ነውና አራትን መታች። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ደወለች። እሱ ቀድሟት ልብሱን እንዳሰናዳ፣ ለሰኞ ዝግጁ እንደሆነ ነገራት።

«ሽንኩርቱ እንዴት ነው?» አለችው።

በስድስት ዓመት አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም። እሱም አፉን ከፈተ፤ ማን ያስቁመው! ስለ ቦዩ፣ ስለ ትሉ፣ ራሱ ስላፈላው ችግኝ ነገራት። ግድግዳ ተደግፋ ሁሉንም ሰማችው።

«ሰኞ አትምጣ» አለችው በመጨረሻ። «ለአባባም ንገርልኝ፣ እንዳይፈርሙ። ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ጭቃ ልረግጥ። ናፍቆኝ ልሞት ነው እኮ» አለችው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ።