አክስት የለመደችው ድምፅ

እኔና ታላቅ እህቴ እቴቴ ስልክ ስናነሳ ማንም አይለየንም። እናታችን በሕይወት ሳለች እንኳ «ትልቋ ነሽ ትንሿ?» ሳትል ወሬ አትጀምርም ነበር። መልካችን ግን ለየቅል ነው፤ እሷ መለል ያለች፣ እኔ ደልደል ያልኩ። ግልፍተኝነቱ ለእኔ ደረሰኝ፣ ድፍረቱን እሷ ጠቅልላ ወሰደችው። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እኔ እናት ስለሌለኝ ለእህቴ ነበርኩ።

እቴቴ የምትሠራው በየከተማው ሱፐርማርኬት ያለው የአንድ ትልቅ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እሱም በቀዝቃዛው ክፍል። የበረደውን ዓሣና አትክልት ከየመደርደሪያው እየለቀመች ጋሪ ላይ ትጭናለች። ምን እንደምታነሳ የሚነግራት ሰው አይደለም። ጆሮዋ ላይ ባለው ማዳመጫ አንዲት የማሽን ድምፅ «መደርደሪያ አርባ» ትላታለች፤ እቴቴ እዚያ የተለጠፈውን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ ድምፂቱም «ሁለት ካርቶን አንሺ» ትላለች። ሥርዓቱ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ለዚህም ነው የመግቢያ ካርዱ ፎቶ እንኳ የሌለው። ድምፂቱ ስለምትነዘንዝ ሠራተኞቹ «አክስት» ብለው ሰይመዋታል።

እቴቴ በቀዶ ጥገና ወለደች። የልጁ አባት ከሄደ ቆይቷል። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል ቁስሉ አመረቀዘና ተመልሳ አልጋ ላይ ወደቀች። ፈቃዱ እንዲራዘምላት ደውላ ብትለምን «ሲስተሙ አይቀበልም» አሏት። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን ያልገባን ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሰርዘዋል፤ አለቃም አይጠየቅበትም። እኔ ደግሞ እዚህም እዚያም ልብስ ከማጠብ በቀር የረባ ሥራ አልነበረኝም። ሦስታችንም የምንበላው ከእሷ ደመወዝ ነበር።

«አንቺ ግቢልኝ» አለችኝ። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሁሉም ወፍራም ቱታ ለብሶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነው የሚሠራው፤ ከዓይን በቀር የሚታይ ነገር የለም። የፈረቃው አለቃ እሷ ከወጣች በኋላ የመጣ አዲስ ሰው ነው። ድምፃችን እንደሆነ አንድ ነው። እምቢ ልላት አፌን ስከፍት ልጁን እያጠባች ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

የመጀመሪያው ቀን ቱታዋን ለብሼ ገባሁ። ማዳመጫውን አጠለቅኩና እቴቴ እንዳስጠናችኝ የሠራተኛ ቁጥሯን አንድ በአንድ ተናገርኩ። አክስት «ድገሚ» አለች። ደገምኩ። «ድገሚ» አለች እንደገና። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ላቤ በዚያ ብርድ ውስጥ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። በሦስተኛው እቴቴ ስትቆጣኝ የምታወጣውን ድምፅ አስመስዬ ተናገርኩ። ተቀበለችኝ።

ብርዱን አልፈራሁትም፤ ብርድ ማን እንደሆንኩ አይጠይቅም። የፈራሁት እሷን ነው። ቆም ካልኩ «ዘግይተሻል» ትላለች። ሽንት ቤት ስሄድ «የት ነሽ?» ትላለች፤ ባል ብትሆን በሳምንቱ እፈታት ነበር። ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር መልሷን እጠብቃለሁ፤ ዛሬ ትነቃብኛለች፣ ዛሬ «አንቺ እሷ አይደለሽም» ትለኛለች እያልኩ። ቤት ስገባ እቴቴ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ደህና» እላታለሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

እየዋለ እያደረ ግን «ድገሚ» ማለቷን ቀነሰች። ከዚያም ጨርሶ ተወችው። የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ሹፌር፣ እቴቴ ከወጣች ወዲህ የተቀጠረ፣ ሲያገኘኝ ሁሉ ስለ ልጁ የሚጠይቀኝ ደግ ሰውዬ፣ በእረፍት ሰዓት ይህንኑ ስነግረው ሳቀ። «አክስት እኮ በየቀኑ ትማራለች» አለኝ። «ከወሊድ ስትመለሺ ድምፅሽ ተለውጦባት ይሆናል፤ አሁን ለምዳሻለች።» ደስ አለኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ጨርሼ በላሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለካ ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

የእቴቴ ቁስል ደረቀ። ሐኪሙ ሥራ መጀመር ትችያለሽ ያላት ዕለት ካርዱን እጇ ላይ ሳስቀምጥ ሸክም ከጀርባዬ የወረደ ያህል ቀለለኝ። በማግስቱ ማለዳ ቱታዋን ይዛ እየቀለደች ወጣች። እኔ ልጁን አቅፌ ቀረሁ።

ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። የፈረቃው አለቃ ነበር። እቴቴ ድንገት ብትጎዳ እንዲጠራ ያስመዘገበችው የእኔን ቁጥር ነው፤ «ተጎዳች እንዴ?» አልኩት። እሱ ግን ስለ ጉዳት አላወራም። አንዲት ሴት ካርድ ይዛ ገብታ ማሽኑ ድምፅዋን አልቀበልም ማለቱን፣ ደጋግማ ብትሞክር ጭራሽ መዝጋቱን፣ አሁን ቢሮው ውስጥ ፊቱ ተቀምጣ እንዳለችና የሌላ ሰው ካርድ ይዛ እንዳይሆን እንደጠረጠረ ነገረኝ። የተዘጋውን ማሽን እንደገና ከፍቶ፣ ምላሹን ራሱ እንዲሰማ ማዳመጫውን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶታል። የእኔንም ስልክ ጮክ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ማዳመጫው አጠገብ አስቀምጦታል።

«ይህች ሴት እህትሽ ናት?» አለኝ።

«አዎ፣ እህቴ ናት።»

«የሠራተኛ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ?»

እሷን ለማዳን ቸኮልኩ። በየማለዳው እንደማደርገው አንድ በአንድ ተናገርኩት። ገና የመጨረሻውን ሳልጨርስ በስልኩ ውስጥ ያቺ ድምፅ ተሰማች፤ «ተቀብያለሁ። መደርደሪያ አሥራ ስምንት።»

ለካ አክስት እኔን ስትማር እቴቴን እየረሳቻት ኖሯል። ልጁ እቅፌ ውስጥ ማልቀስ ጀመረ፤ እሽሩሩ እንዳልለው ድምፄን ፈራሁት።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለ አለቃው።

የመለሰችለት እቴቴ ነበረች። ራቅ ብላ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፤ «ባለካርዷ እሷ ናት፤ ስልኩን በጋራ ነው የምንጠቀመው። እኔ እህቷ ነኝ። ዛሬ አሟት ተክቻት መጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን አይንኩብኝ።»

«ኧረ እቴቴ» ልል ነበር። ልጁን አየሁና ተውኩት። አለቃውም አልተከራከረም፤ ማሽኑ መስክሮ አብቅቷል። ስታመም ማሳወቅ እንጂ ሰው መላክ እንደማይፈቀድ ቆጣ ብሎ ነገረኝ፤ ለዛሬ በማስጠንቀቂያ እንደሚያልፈኝ፣ ነገ ግን በሰዓቴ እንድገባ። የጠራኝ በእህቴ ስም ነው። «እሺ ጌታዬ» አልኩት።

እቴቴ ቤት ስትገባ ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶት ነበር። ልጁን ተቀብላኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?» አልኳት። «ሥራው እኮ ያንቺ ነው።»

«እውነቱን ብናገር ሁለታችንም ውጭ ነበርን። አንዳችን መግባት አለብን።» ልጁን አስተካክላ ያዘችው። «እንግዲህ በእኔ ስም ታረጂያለሽ።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። አልሳቅሁም። ከዚያ ልጁን አጥብቃ ይዛ «እኔስ በማን ስም ሥራ ልፈልግ?» አለችኝ። እቴቴን ፈርታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ከአክስትም ከአለቃውም ይልቅ የእሷ መፍራት አስፈራኝ።