አንድ ጥፋት በአምስት ረድፍ

የሺአረግ ወረቀቱን ማንበብ የጀመረችው ቆማ ነበር። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ተቀመጠች፤ አሥረኛው ላይ መልሳ ብድግ አለች።

ጎሮ ባለው በዚህ የግል ትምህርት ቤት ሰኔ በመጣ ቁጥር ለየመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው በታሸገ ፖስታ ይደርሰዋል። ሃያ ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ አምስት ነጥብ ይይዛል። ከመቶ ሰባ ያላመጣ ውሉ አይታደስለትም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚያው እንግሊዝኛ ያስተማረችው የሺአረግ ስድሳ ስምንት ነበር ያገኘችው።

ዘንድሮ ቅጹ አዲስ ነው። ቦሌ ቢሮ ያለው አንድ አማካሪ በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶታል። ስድስተኛው ረድፍ የመምህሩ አቀራረብ ሞደርን ነው ወይ ይላል። ሰባተኛው ከረንት ነው ወይ፤ ስምንተኛው ኮንቴምፖራሪ ነው ወይ፤ ዘጠነኛው አፕ-ቱ-ዴት ነው ወይ፤ አሥረኛው ካቲንግ ኤጅ ነው ወይ። በአምስቱም ላይ ከአምስት አንድ ተሰጥቷታል። በአምስቱም ጎን ወጣቱ ተቆጣጣሪ ቃልአብ ያንኑ አንድ ምክንያት ጽፏል፦ ስማርት ቦርድ አይጠቀሙም፤ በኮምፒዩተር የሚሠራውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ላይ ጽሑፉ ያምራል፤ አምስተኛው ላይ መጻፉ ሰልችቶት «አይጠቀ» ብሎ ትቶታል።

«ቃሉን ለመጨረስ እንኳን አልበቃሁም!» አለች ጮክ ብላ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የነበረው የአማርኛ መምህሩ ገብረእዝጊ ብቻ ነው። በስድሳዎቹ ውስጥ ያለ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ከመደርደሪያው ላይ መጻሕፍቱን እያነሳ ካርቶን ውስጥ ያስገባ ነበር።

«ማን ነክቶሽ ነው የምትጮኺው?»

«ጋሽ ገብረእዝጊ፣ የእርስዎስ ስንት መጣ?»

«ስድሳ አምስት። ትናንት ፈርሜ መለስኩት።»

«ፈረሙ? ‹አምኜበታለሁ› የሚለው ላይ?»

«ሌላ መፈረሚያ የለውም እኮ። አንድ ጥፋት ቢሆን እከራከር ነበር፣ የሺ። አምስት ቦታ የጎደለ ሰው በምን አፉ ይናገራል?»

«የምን አምስት? አምስቱም አንድ ነገር ናቸው!»

ገብረእዝጊ በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ሳያስቀምጥ ዞር ብሎ አያት። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የተረጎምሽልኝ?»

የሺአረግ አስታወሰች። ሰኞ ዕለት ነው፤ የእሱ ፖስታ ቀድሞ ደርሶት ኖሯል። የፈተና ወረቀት በብብቷ ሸጉጣ ስትሮጥ ኮሪደሩ ላይ አስቁሟት፣ በብጣሽ ወረቀት የገለበጣቸውን አምስት ቃላት አሳይቷት ነበር። ለምን እንደፈለጋቸው አልጠየቀችውም። ዘመናዊ፣ ወቅታዊ፣ የዘመኑ፣ ከጊዜው ጋር የሚሄድ፣ የመጨረሻው አዲስ አለችው፤ አንዱንም ሳትደግም፣ ተማሪ ፊት እንደምትኮራበት አድርጋ። «ዞሮ ዞሮ ያው ናቸው» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከአፏ አልወጣችም። እሱም አንድ በአንድ በእርሳስ ጻፈ፤ ቤቱ ወስዶ አነበበ፤ በአምስት ነገር የከሰረ አስተማሪ ነኝ ብሎ አመነ።

በራሷ ተናደደች፤ ያ ንዴት ደግሞ የፊተኛውን አባሰው። ወረቀቱን አንስታ ወጣች።

ርእሰ መምህሩ ደጀኔ በዕድሜ ከእሷ በብዙ ያንሳል። ስትገባ ከወንበሩ ተነሳ። «ቲቸር የሺ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። የሞደርንና የከረንትን ልዩነት ይንገሩኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ከረንት እንግዲህ... የአሁን ነው። ሞደርን ደግሞ የዘመኑ።»

«ኮንቴምፖራሪስ?»

«እሱም የዘመኑ ሆኖ፣ ትንሽ ጠለቅ ይላል።»

«ጠለቅ ይላል! የሰባተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው።»

«ባለሙያ ነው ያዘጋጀው፤ ቦርዱም አጽድቆታል።»

«ባለሙያዎ ሃያ ረድፍ መሙላት ሲያቅተው ተመሳሳይ ቃላት ለቅሞ ደረደረ። ተማሪዎቼ ድርሰት ለማስረዘም እንዲህ ሲያደርጉ በቀይ ነው የምሰርዝባቸው። አቶ ደጀኔ፣ ስማርት ቦርድ አልተጠቀምኩም፤ እውነት ነው። አንዴ ይቅጡኝ! አምስቴ የሚቀጡኝ በየትኛው ሕግ ነው?»

ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በጣሪያው ላይ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ሲርቅ የደጀኔ አንደበት ለስልሶ ነበር።

«እንዲህ እናድርግ። ከረንት ላይ ያለውን አንድ ወደ አራት ከፍ አደርገዋለሁ። ሰባ አንድ ይሆናል። ይፈርማሉ፣ በዚሁ ያልቃል።»

የመጣችው ለዚህ ነበር። ስድሳ ሊሞላት ሦስት ዓመት ይቀራታል፤ በዚህ ዕድሜዋ አዲስ የሚቀጥራት ትምህርት ቤት እንደሌለ ታውቃለች። እጇ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር።

«የጋሽ ገብረእዝጊስ?»

«እሳቸው እኮ አምነው ፈርመዋል። የተፈረመ ተዘጋ ማለት ነው።» ደጀኔ ፈገግ አለ። «ደግሞ እንደ እርስዎ አልጮሁም።»

ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ጎንበስ ብላ፣ አስተያየት በሚለው ባዶ ቦታ ላይ በአማርኛ ጻፈች፦ ከስድስት እስከ አሥር ያለው አንድ ጥያቄ ነው። እንደ አንድ ቢቆጠርና ውጤቱ ከአሥራ ስድስት ረድፍ ቢሰላ እኔ ከመቶ ሰማንያ፣ አቶ ገብረእዝጊ ሰባ ስድስት አለን። አላመንኩበትም። ከሥሩ ፈረመች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ደጀኔ አነበበና ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «ይህን ለቦርድ አልልክም።»

«ሌላ አልፈርምም።»

«እንግዲያው ስድሳ ስምንቱ ይጸናል። ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለችና ቶሎ ወጣች።

ገብረእዝጊ ካርቶኑን በሲባጎ እያሰረ ሳለ ደረሰች። ሳትናገር ሲባጎውን ፈታችው።

«ምን ሆነሻል?»

«ይነሱ። ሄደን ‹ፊርማዬን ሰርዙልኝ› ይበሉ። ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ፤ ያንን ደጀኔ ፊት እናገራለሁ።»

«ታዲያ ይመልሱናል?»

«እኔ እንጃ! እኔንም ሳያባርሩኝ አይቀሩም። ግን አምኖ ሄደ አይሉዎትም።»

ገብረእዝጊ ካርቶኑ ውስጥ እጁን ከትቶ፣ ከመጻሕፍቱ መሀል የተጠቀለለ ክራባቱን አወጣና ቀስ እያለ ማሰር ጀመረ። የሺአረግ በሩን ከፍታ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀችው።