ጫማ በእርጥቡ ሲመዘን

ያዮ ውስጥ ቡና ተረካቢ ነኝ። ውሃ የተረጨበትን ቡና ገና ጆንያው ሳይፈታ አውቀዋለሁ። ስንቱ ጎረምሳ ሚዛን ሊያከብድብኝ ሞክሮ አፍሮ ተመልሷል! እንግዲህ ጋሼ ዲበኩሉ ስለ ክብደት ሊያስተምሯት የተነሱት ይህችን ሴት ነው።

ጋሼ ዲበኩሉ የሯጮች አሰልጣኝ ናቸው። በጫካ ሩጫ ዞኑን እንዲወክሉ ከታጩት ስድስት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ማንም አይጠራኝም። ለቡድኑ አዲስ ጫማ መጣ፦ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ነጭ፣ ለፎቶ የሚያምር። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ ሮጥኩበት። ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ እግሬን ጎተተው፣ ተረከዜንም ላጠው።

በማግስቱ መቱ ገበያ ወርጄ የእትዬ ሻሽቱን የሳልባጅ ክምር ስበረብር ዋልኩ። ሃያ ጫማ ለክቼ አንዱ ልክ ሆነ። ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቀለሙ የለቀቀ ነው። አድርጌው ገበያው መሃል ዘለልኩ። ሰው ያየኛል ብዬ አላፈርኩም።

ጋሼ ዲበኩሉ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ቡድን ማለት አንድ ዓይነት ማለት ነው። ይህን ውራጅ አውልቂ!»

«እግሩ የእኔ ነው፣ ጋሼ። ይሄኛው ይቀለኛል።»

«ይቀላል? ሚዛን አለሽ አይደል? ነይ እንመዝነው።»

መረከቢያው ድረስ አብረን ሄደን ጫማዎቹን የቡና ናሙና በምንመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸው። የእሳቸው ጥንድ አምስት መቶ ግራም፣ የእኔ አምስት መቶ ስድሳ። ቡና ያመጡት ገበሬዎች ሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ደሜ ፈላ።

ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀድቼ አራቱንም ጫማ ነከርኳቸው። አውጥቼ እስኪንጠፈጠፉ ጠበቅኩና እንደገና መዘንኩ። የእኔ ስድስት መቶ አርባ። የእሳቸው ዘጠኝ መቶ አለፈ።

«ያዮ ጫካ ውስጥ ደረቅ መንገድ የት አለና ነው በደረቁ የሚመዝኑት?»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ዲበኩሉ ግን ዝርዝሩን ከኪሳቸው አውጥተው ስሜን በእስክሪብቶ ሰረዙት።

«የቡድኑን ጫማ ያላደረገ አይሮጥም። ተይው በቃ።»

ስናደድ ኦሮምኛዬ ይቀድማል። «ሂን ዺሱ!» አልኳቸው። አልተውም።

እሑድ ጠዋት የመጨረሻው ማጣሪያ ነበር። ያለ ቁጥር ከሰልፉ ጫፍ ቆምኩ። «ውጪ!» አሉ፤ አልወጣሁም። ወንዙን እንደተሻገርን ውሃው በቀዳዳው ሁሉ ከጫማዬ ወጣ። ሌሎቹ ከኋላዬ ጭቃው ላይ ሲንሸራተቱ እየሰማሁ ዳገቱን ጨረስኩት። አንደኛ ገባሁ። ሰዓት የያዘልኝ የለም። ጋሼ ከእኔ ቀጥላ የገባችውን ዬሮሳንን አንደኛ ብለው ሲጠሯት ግን «እኔ አይደለሁም፣ ገለኔ ናት» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። አቅፌ ሳምኳት።

ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ዲበኩሉ መረከቢያው መጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለአምስቱ ልጆች... ያን ጫማ የሸጠልሽ ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

«መጀመሪያ ስሜ።»

ዝርዝሩን አወጡ። ከደረት ኪሳቸው እርሳስ መዝዘው ሊጽፉ ሲሉ መዳፌን ወረቀቱ ላይ ጫንኩበት።

«ሲሰርዙኝ በእስክሪብቶ ነበር፣ ጋሼ።»